አልጀብራ ታይልስ፦ ፋክተራይዝ ማድረግ ላቃተው ልጅ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ከማስጠናቸው ልጆች ወላጆች ሦስት አራቱ በተለያየ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቀውኛል። ለእያንዳንዳቸው ቮይስ ከምልክ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ጥያቄው አልጀብራ ታይልስ ስለሚባለው ባለቀለም የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ነው። ኳድራቲክ ኢኩዌሽን (ኤክስ² ያለበትን እኩልታ) ፋክተራይዝ ማድረግ፣ ማለትም ሲባዙ ያንኑ የሚሰጡ ሁለት ቅንፎች አድርጎ መጻፍ፣ ላቃተው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይጠቅማል ወይ? ብርስ ይወጣበታል?

መልሴን አላንዛዛም። ይጠቅማል፣ ግን ብር አይወጣበትም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ካስገባላችሁ እሰየው፤ ካልሆነ በጫማ ካርቶን ይሠራል። ደግሞም የሚጠቅመው ለትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው። ስለ ሌላው ግማሽ ሻጮቹም ሳጥኑ ውስጥ ያለው መመሪያም ትንፍሽ አይሉም።

እኔ አምስት ኪሎ ሲቪል ኢንጂነሪንግ እማራለሁ። ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ገርጂና ጃክሮስ አካባቢ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያላቸው ቤቶች ሲደውሉልኝ ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ልጁ እስከ ሊኒየር ኢኩዌሽን ድረስ እየተንገዳገደም ቢሆን ይመጣና ኳድራቲክ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። "ኳድራቲኩ" ይሉታል፣ የሰፈር ጉልቤ ስም የሚጠሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሳጥኑን ያገኘሁት አንዱ ተማሪዬ ቤት ነው። አክስቱ ከሜሪላንድ ስትመጣ ከጫማና ከቫይታሚን ጋር ይዛለት መጣች። እናቱ ከፍተው እያገላበጡ፣ "ልጄ፣ ይሄ መጫወቻ ነው ወይስ ትምህርት? ሚኒስትሪ ያለፈ ልጅ በዚህ ሊጫወት ነው?" አሉኝ። "እትዬ፣ እስቲ ልሞክረውና እነግርዎታለሁ" አልኳቸው። ልጁ ራሱ ደስ አላለውም። ኬጂ ያለችው እህቱ ከምትጫወትበት ነገር ጋር ስለተመሳሰለበት ጓደኞቹ ቤት ሲመጡ ከአልጋ ሥር ይከተዋል።

ውስጡ ሦስት ዓይነት ቁራጭ አለ። ትልቁ ሰማያዊ ካሬ ኤክስ² ነው። ረዥሙ አረንጓዴ ቁራጭ ኤክስ ነው። ትንሿ ቢጫ ካሬ 1 ናት። የረዥሙ ርዝመት ከትልቁ ካሬ ጎን ጋር እኩል ነው፣ ወርዱ ደግሞ ከትንሿ ካሬ ጎን ጋር። ስለዚህ ኤክስ በ1 ሲባዛ የረዥሙ ስፋት (ኤሪያው) ኤክስ ይሆናል ማለት ነው። ሁሉም ሲገለበጡ ጀርባቸው ቀይ ነው፣ ቀዩ ማይነስ ነው። እነሱ ቤት የመጣው ሳጥን 4 ትልልቅ፣ 8 ረጃጅምና 20 ትንንሽ ቁራጭ አለው። ፕላስቲኩ ወፍራምና ለእጅ የሚመች ነው። ላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ግን ይንሸራተታል፤ ወረቀት ከሥሩ አንጥፉለት። መመሪያው እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ሒሳብን በእንግሊዝኛ ቢማሩም ይሄን ዓይነት መመሪያ አንብቦ ራሱን የሚያስተምር ልጅ እኔ አላየሁም፣ አጠገቡ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ወደድኩት ነገር ልምጣ። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ትንንሾቹን ቢጫዎች በረዥሙ አረንጓዴ ጎን መደርደር ነው። 5 ደረደረ፣ አልደረሰም። ስድስተኛዋን ጨመረ፣ አለፈ። "ቲቸር፣ ይሄ ልኩ ትክክል አይደለም፣ ፎርጅድ ነው" አለኝ። ፎርጅድ አይደለም። የሠሪዎቹ ብልጠት እዚህ ላይ ነው። 5 ወይም 6 ልክ ቢገጥም ኖሮ ልጁ "ኤክስ ማለት 5 ነው" ብሎ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ኤክስ ያልታወቀ ቁጥር ነው ብሎ ማስረዳት ጭንቅ ነው። አብራኝ የምታስጠና ጓደኛዬ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው በስፖንጅ የተሠራ ገዝታ ነበር፣ 3,500 ብር ከፍላ። ለካነው። ረዥሙ ልክ 5 ትንንሽ ነው፣ ዝንፍ አይልም። ከምትገዙ ሰዎች መካከል ከሆናችሁ ሌላው ሁሉ ይቅርና ይህን አንዷን ነገር ለኩ።

ክፍል ውስጥ ፋክተራይዝ ማድረግ፣ ለምሳሌ የኤክስ² + 7ኤክስ + 12፣ የሚሰጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ሲባዙ 12፣ ሲደመሩ 7 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ።" ልጆቹ ይህን ይዘውታል፣ በእንቅልፍ ልባቸው ይወጡታል። "ለምን ሲባዙ? ለምን ሲደመሩ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ቲቸር እንደዛ ስላለን" ይላሉ። ችግሩ ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል። ሲባዙ 7 ሲደመሩ 12 ብሎ የሚፈልግ ልጅ ስንቴ አይቻለሁ፣ እስክሪብቶውን እየነከሰ።

ኤክስ² + 7ኤክስ + 12 አልኩትና 1 ትልቅ፣ 7 ረጃጅምና 12 ትንንሽ ቁጠር አልኩት። "እነዚህን በሙሉ ተጠቅመህ ክፍተት የሌለው አንድ ሬክታንግል ሥራ።" ሌላ ምንም አላልኩም።

ትልቁን ካሬ አስቀመጠ። 6 ረጃጅም በቀኙ ደረደረ፣ 1 ከታች። ከታች በቀኝ በኩል ጥጉ ላይ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። በቢጫዎቹ ሞላው፣ 6 ገቡ፣ 6 እጁ ላይ ቀሩ። "ተረፉኝ" አለ። ከቀኙ አንዱን አንስቶ ወደ ታች አዞረው፣ አሁን 5 እና 2 ሆነ። ጥጉ 10 በላ፣ 2 ተረፉ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ አየኝ። ዝም አልኩት። አንድ ተጨማሪ ወደ ታች አዞረ፣ 4 እና 3። ጥጉ 12ቱን በሙሉ ዋጠ፣ እጁ ላይ ምንም አልቀረም።

"የጥጉ ቁጥር ምን ያህል እንደሆነ ሳትቆጥር መናገር ትችላለህ?" አልኩት። "4 ጊዜ 3" አለ። "ረጃጅሞቹስ?" "4 ሲደመር 3።" አለቀ። ለምን ሲባዙ 12፣ ለምን ሲደመሩ 7 የሚለው ነገር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ረጃጅሞቹ በሁለት ጎን ይከፈላሉ፣ እሱ ድምሩ ነው። ጥጉ የሁለቱ ክፍፍል ብዜት ነው። ከዚያ የሬክታንግሉን ጎኖች አንብብ ስለው ከላይ ኤክስ + 4፣ ከጎን ኤክስ + 3 ብሎ አነበበ። (ኤክስ + 4)(ኤክስ + 3) ብሎ ራሱ ጻፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድምርና ብዜት አቀላቅሎብኝ አያውቅም። ለዚህ ብቻ ስል ሳጥኑን አከብረዋለሁ።

ኤክስ²ው ፊት ላይ ቁጥር ያለበትም ያምራል። 2ኤክስ² + 7ኤክስ + 3 በክፍል ውስጥ ልጆችን የሚያስለቅስ ዓይነት ነው። 2ን በ3 አባዛ፣ 6 ሆነ፣ ሲባዙ 6 ሲደመሩ 7 የሚሆኑ 6 እና 1፣ ከዚያ 2ኤክስ² + 6ኤክስ + ኤክስ + 3 ብለህ ከፋፍል፣ ከዚያ ሁለት ሁለቱን አንድ ላይ፣ ወዘተ። በታይልሱ 2 ትልልቅ ጎን ለጎን ታስቀምጡና 6 ረጃጅም ከታች፣ 1 ከቀኝ፣ 3 ቢጫ ጥጉ ላይ። (2ኤክስ + 1)(ኤክስ + 3)። መካከለኛው 7 ለምን 6 እና 1 ሆኖ እንደተከፈለ በዓይን ይታያል።

እስካሁን ያወራሁት ሁሉም ነገር ፕላስ ስለሆነበት ዓለም ነው። ማይነስ ሲመጣ ዕቃው መንተባተብ ይጀምራል።

ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 ይሁን። ረጃጅሞቹን ወደ ቀይ ትገለብጣላችሁ፣ 3 በቀኝ 2 ከታች፣ ጥጉ 6 ቢጫ። ሬክታንግሉ ይሠራል። ግን ልጁ "ቀይ በቀይ ጎን ለጎን ሆኖ ጥጉ ለምን ቢጫ ሆነ?" አለኝ። "ማይነስ በማይነስ ሲባዛ ፕላስ ነው" ብዬ መለስኩለት፤ ማለትም በዕቃው ላስረዳው የነበረውን ነገር ተመልሼ በሕግ አስረዳሁት። ኤክስ² + ኤክስ − 6 ሲሆን ይብሳል። ያለን ረዥም ቁራጭ 1 ብቻ ነው፣ ሬክታንግል አይወጣውም። ስለዚህ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ ተጣፍተው 0 ስለሚሆኑ፣ እንደዚህ ያለ 2 ጥንድ ከየትም አምጥተን እንጨምራለን፤ 3 አረንጓዴ በአንድ ጎን፣ 2 ቀይ በሌላ ጎን፣ ጥጉ 6 ቀይ። ትክክል ነው። ልጁ ግን "የሌለንን ነገር ለምን እንጨምራለን?" ብሎ አፈጠጠብኝ። እኔም ብሆን ሰርቬይንግ የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ከዜሮ በታች ስፋት ያለው መሬት ለክቼ አላውቅም። የቀይ ስፋት ነገር አይዋጥልኝም።

ስለዚህ ማይነስ ሲመጣ ሳጥኑን ክደኑት። ያዩትን ቅርጽ ወረቀት ላይ ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ አድርጋችሁ ሳሉ፦ አንዱ ክፍል ኤክስ²፣ ሁለቱ ክፍሎች ረጃጅሞቹ፣ አራተኛው ጥጉ። ወረቀት ላይ −2 መጻፍ ማንንም አያስጨንቅም። ቁራጭም አያልቅበትም። ሳጥኑ 8 ረጃጅም ብቻ ስላለው ኤክስ² + 9ኤክስ + 20 እንኳ በሱ አይሠራም። አንዳንድ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ያነሳዋል። ለኔ ግን በጀ፤ ልጁ ቁራጭ ሲያጥረው ነው ራሱ ወደ ወረቀቱ የሄደው። ዓመቱን ሙሉ በፕላስቲክ እየደረደረ እንዲቀር አንፈልግም፣ ፈተና ላይ ሳጥን ይዞ አይገባ።

አሁን የሚያሳስበኝን ነገር ልናገር፣ የሚሸጡት ሰዎች የማይነግሯችሁን። ኤክስ² + 5ኤክስ + 3 ሰጠሁት። 4 እና 1 ሞከረ፣ ጥጉ 4 ይፈልጋል፣ 1 ጎደለው። 3 እና 2 ሞከረ፣ ጥጉ 6 ይፈልጋል፣ 3 ጎደለው። አምስቱንም በአንድ ጎን አደረገ፣ ጥግ የለም፣ 3ቱ ቢጫዎች ሜዳ ላይ ቀሩ። "መልስ የለውም" ብሎ ቁራጮቹን ገፋቸው። መልስማ አለው። ሁለት መልስ አለው። የመካከለኛው 5 ካሬ 25 ነው፣ ከሱ 4 ጊዜ 3፣ 12 ሲቀነስ 13 ነው፤ ይህ ቁጥር ፖዘቲቭ ከሆነ ሁለት መልስ አለ፣ ከዜሮ በታች ከሆነ የለም። በፎርሙላው ሲሠራ ወደ −0.70 እና −4.30 የሚጠጉ ቁጥሮች ናቸው። ሙሉ ቁጥር ስላልሆኑ ብቻ ነው ሬክታንግሉ እምቢ ያለው። ኤክስ² + 3ኤክስ + 5 ቢሆን ኖሮ 9 ሲቀነስ 20፣ −11፣ እውነትም ሪል መልስ የለውም። ሁለቱ ጥያቄዎች ጠረጴዛ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አልገጥም ይላሉ። በታይልስ ብቻ የተማረ ልጅ "ሬክታንግል ካልሆነ መልስ የለውም" የሚል ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ይተክላል፣ እሱን መንቀል ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። "አልገጥም አለ ማለት በዚህ መንገድ አይሄድም ማለት ነው" ብላችሁ ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ዜሮው ነው። ታይልሱ ፋክተር ማድረግን እንጂ ኢኩዌሽን መፍታትን አያሳይም። "= 0" የሚል ቁራጭ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ልጁ (ኤክስ + 4)(ኤክስ + 3) ላይ ሲደርስ የጨረሰ ይመስለዋል። ኢኩዌሽኑ ግን ገና አልተነካም።

ይህ ነገር ለደካማ ልጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳጥኑን አይታው የማታውቅ፣ ፋክተራይዝ ማድረግ እንደ ውኃ የምትጠጣ የአስረኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ። ኤክስ² − 5ኤክስ + 6 = 2 አልኳት። ሳታቅማማ (ኤክስ − 2)(ኤክስ − 3) = 2 ብላ ጻፈች። ቀጥላ ኤክስ − 2 = 2፣ ኤክስ − 3 = 2። መልስ፦ 4 እና 5። "እስቲ ተኪው" አልኳት። 4ን ተካች፤ 16 ሲቀነስ 20 ሲደመር 6፣ 2 ሆነ። በድል አየችኝ። 5ን ተካች፤ 25 ሲቀነስ 25 ሲደመር 6፣ 6 ሆነ። "ቲቸር፣ አንዱ ልክ ነውኮ፣ ግማሽ ማርክ ይገባኛል" አለችኝ።

ግማሽ ማርክ አይገባትም። 4 የወጣው በአጋጣሚ ነው፤ 2 ጊዜ 1 ሆኖ ስለገጠመላት። የምጠይቀው እንደዚህ ነው፦ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 0 ሆኑ፣ ስለ ቁጥሮቹ ምን ታውቂያለሽ? ቢያንስ አንዱ 0 ነው፣ ሌላ መንገድ የለም። ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው 2 ሆኑ፣ ምን ታውቂያለሽ? 1 እና 2 ሊሆኑ ይችላሉ፣ 4 እና ግማሽ፣ −1 እና −2፣ ማለቂያ የለውም፣ ስለዚህ ምንም አታውቂም። ዜሮ ብቻ ነው ምስጢሩን የሚያወጣው። ለዚህ ነው መጀመሪያ 2ቱን ወደ ግራ አምጥተን ኤክስ² − 5ኤክስ + 4 = 0 የምናደርገው። ከዚያ (ኤክስ − 1)(ኤክስ − 4) = 0፣ መልሱ 1 እና 4። ኤክስ² = 5ኤክስ ሲሰጣቸው በሁለቱም ወገን ኤክስን ሰርዘው 5 ብቻ የሚጽፉትም እዚሁ ላይ ነው የሚስቱት፤ 0 ራሱ መልስ መሆኑን ጥለውት ይሄዳሉ። ለዚህ የሚሆን ፕላስቲክ እስካሁን አላየሁም። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና "ተኪው" እያለ የሚነዘንዝ ሰው ነው።

የሳጥኑ ባለቤት ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። ኤክስ² + 7ኤክስ + 12 = 0 መልሱ −3 እና −4 መሆኑን ጽፎ ጨረሰና ረዥሙን አረንጓዴ አንስቶ አሳየኝ። "ኤክስ ይሄ ርዝመት ነው ብለሽኝ ነበር። ርዝመት እንዴት −3 ይሆናል?" ጎበዝ! አይሆንም። ሳጥኑ እዚህ ላይ በቃው። ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት በካሬና በሬክታንግል ኳድራቲክ ይፈታ የነበረው የባግዳዱ አል ኸዋሪዝሚም ያው ነው ያደረገው፤ ኤክስ² + 10ኤክስ = 39 የሚለውን ታዋቂ ጥያቄውን ሲፈታ 3ን ወሰደ፣ −13ን አልቆጠረውም፣ ጎን ከዜሮ በታች አይሆንምና። ይህን ስነግረው ልጁ ከመጽሐፉ ይልቅ በዚህ ተደሰተ። ሳጥኑን ከአልጋ ሥር መደበቁንም የተወ ይመስለኛል፣ ቢያንስ እኔ ስመጣ ጠረጴዛ ላይ አገኘዋለሁ።

ስልክ ላይ የሚሠራ የታይልስ ዓይነት በነፃ አለ። ሞክሬዋለሁ፣ ቁራጮቹ አያልቁም፣ ጥሩ ነገር ነው። ግን ትንሽ ስክሪን ላይ ጣት ቁራጩን ይሸፍነዋል፣ ደግሞ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ስልክ ሰጥቶ ሬክታንግል ይሠራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ጥያቄውን ፎቶ አንስተው የሚፈቱት አፖችም ሥራን ለማረጋገጥ እንጂ ለመማር አልመክራቸውም። ምርጫ ያለው ፈተና ላይ ደግሞ ልጆቹ የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየተኩ ማየት። አልቃወምም፣ ይሠራል። የሁለቱ መልሶች ድምር ስንት ነው የሚል ጥያቄ እስኪመጣ ድረስ።

አንድ ነገር ሳታረጋግጡ ካርቶንም ቢሆን አትቁረጡ። ልጁን "ሲባዙ 24 የሚሆኑትን ጥንዶች ንገረኝ" በሉት። 1 እና 24፣ 2 እና 12፣ 3 እና 8፣ 4 እና 6 ብሎ ከወረደ ታይልሱ ይጠቅመዋል። 6 ጊዜ 4 ላይ ጣቱን መቁጠር ከጀመረ ችግሩ ኳድራቲክ አይደለም፣ የማባዛት ሠንጠረዡ ነው። ታይልሱ ደግሞ ይህን ድካሙን ይሸፍንለታል፤ እየቆጠረ ስለሚደረድር የገባው ይመስላችኋል። እንደዚህ ያሉ ልጆች ቤት የማደርገው ወደ ማባዛት መመለስ ነው፣ እናትየው "ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ?" ብለው ቢደነግጡም።

የካርቶኑን ልክ ለምትፈልጉ፦ ትንሿ ካሬ 2 በ2 ሴንቲሜትር፣ ረዥሙ 2 በ11፣ ትልቁ 11 በ11። 11 ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ 5 ትንንሽ 10 ሴንቲሜትር ነው፣ አይደርስም፣ 6 ትንንሽ 12 ነው፣ ያልፋል። 3 ትልልቅ፣ 10 ረጃጅምና 25 ትንንሽ ከአንድ ኤ4 ገጽ ትንሽ በሚበልጥ ካርቶን ይወጣሉ። ልጁ ራሱ ይቁረጥ፤ 2 ጊዜ 11 እያለ ሲለካ ስፋት ምን እንደሆነ እግረ መንገዱን ይከልሳል። ጀርባውን በቀይ ማርከር ማቅለም አያስፈልግም፣ ማይነሱን በወረቀት ነው የምትሠሩት ብያችኋለሁ። ትንንሾቹን ከ25 በላይ ለመቁረጥ አትልፉ። 10 ረጃጅም በሁለት ጎን ሲከፈሉ ትልቁ ጥግ የሚወጣው 5 እና 5 ሲሆኑ ነው፣ 25። በ8 ረጃጅም ደግሞ ከ16 አያልፍም፤ የፋብሪካው ሳጥን 20 ቢጫ የሰጠው ለሚጠፉት አስቦ ይሆናል፣ ምክንያቱም እዛ ቤት ኬጂ ያለችው እህት ሁለቱን ወስዳቸው አሁንም አንድም ጥያቄ አልጎደለብንም።